ጀማሪ ጋላቢ ኮከብ ፈረስ ምን ያደርግለታል?

ትንሽ ገንዘብ ቋጥሮ ፍጥነት ለመግዛት የሚነሳ ወጣት በየአገሩ አለ። ባሕር ዳርቻ የሚኖረው የውድድር ጀልባ ያማርጣል፣ የከተማው ልጅ ሞተር ሳይክል ያያል። የእንጅባራው ግን ዓይኑ ፈረስ ላይ ነው። አይፈረድበትም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 የጊዮርጊስ ዕለት በአዊ ምድር እንደ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ማኅበር ነው፤ የዓድዋ ፈረሶች ውለታ ይነሳል፣ ጉግሱ፣ ሽርጡ፣ ስግሪያው ይደምቃል። ያንን ያየ ወጣት በማግስቱ ዋጋ መጠየቅ ይጀምራል።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ወጣቱ የሚጠይቀው ሜዳ ላይ ሁሉንም ጥሎ የሄደውን ዳማ ፈረስ ነው። በዝውውር መስኮት የመጨረሻ ቀን አጥቂ እንደሚፈልግ ክለብ፣ ሻጩ የሚጠራውን ለመክፈል ይጣደፋል። ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ «ዘ ግሪን መንኪ» የሚባል የሁለት ዓመት ፈረስ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ለገዢዎች ሲታይ እንደ ጥይት ነበር የተወነጨፈው። ከዚያስ? ሦስት ጊዜ ተወዳደረ፣ አንዴም ሳያሸንፍ ጡረታ ወጣ። ሚሊየነር እንዲህ ያለውን ኪሳራ ይችለዋል። የዓመት ቁጠባውን ያፈሰሰ የእንጅባራ ልጅ ግን አይችለውም።

ሌላው ወጥመድ «ግልገሉን ግዛና አብሮህ ይደግ» የሚለው ምክር ነው። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ዋጋውም ይቀላል። ነገር ግን ያልተገራ ፈረስና ያልሰለጠነ ጋላቢ ሲገናኙ ማን ማንን ያስተምራል? ለጀማሪ የሚበጀው ሥራውን የሚያውቅ፣ ዕድሜው ከስድስት እስከ አስር የሆነ ሰንጋ ፈረስ ነው። ድንጉላው ባዝራ ባየ ቁጥር ጋላቢውን ረስቶ ይሄዳል፤ ለሰለጠነ ሰው ይተውለት።

ዕድሜን ደግሞ ደላላ አይናገርም፣ ጥርስ ይናገራል። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሶቹን የሚቀይረው በሁለት ዓመት ተኩል፣ በሦስት ተኩልና በአራት ተኩል ገደማ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ነው። አምስት ሲሞላው አፉ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጉድጓድ ከመሐል ጀምሮ በስድስት፣ በሰባት፣ በስምንት ዓመት እየተደለደለ ይሄዳል። ይህን የሚያነቡ ሽማግሌዎች በአዊ ሞልተዋል። አንዱን ለምኖ ወደ ገበያ ይዞ መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም።

በደላላ አፍ ብቻ መግዛት ምን እንደሚያመጣ የእንግሊዝ ኳስ ተከታታይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሳውዝሃምፕተን «የጆርጅ ዊሃ ዘመድ ነው» በሚል የስልክ ወሬ አሊ ዲያን አስፈረመ። ልጁ ተቀይሮ ገባ፣ ሜዳው ላይ ሲዋልል ቆየ፣ ተቀይሮ ወጣ። አለቀ! ፈረስ ገበያም «የእገሌ ፈረስ ልጅ ነው» የሚባልለት አይጠፋም።

ስለዚህ የሕክምና ምርመራው የግድ ነው። አዊ ላይ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል። ገበያ የወጣው ብዙው ሲሠራ የኖረ ነው። ኮርቻው ይውረድና ጀርባው ይዳበስ፤ በሌላ ቀለም ፀጉር መሐል ነጭ ነጭ ጠጉር ብቅ ብሎ ከታየ የዳነ የኮርቻ ቁስል ምልክት ነው። ከዚያ በጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ ይነዳ። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል። ሣር ላይ ብቻ የሚያሳይ ሻጭ ካለ ይጠርጠር። እግሩና አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰደረ እብጠት ያለበት ከሆነ ደግሞ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ። በሽታው በቁስል በኩል፣ በጋራ ኮርቻና ልጓም ጭምር ይተላለፋል።

ቁመትስ? የደጋው ፈረስ ትከሻው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው። ማራዶናም 1 ሜትር ከ65 ነበር፤ ምን ጎደለው?

ከፍጥነት ይልቅ መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው። ጉግስ የመቶ ሜትር ሩጫ አይደለም። ዘንግ የያዘው ያባርራል፣ ጋሻ የያዘው ይሸሻል፣ ወዲያው ተገልብጦ አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። ሲሉት የማይቆም፣ ሲያዞሩት የማይዞር ፈረስ የቱንም ያህል ቢበር ጋላቢውን ሕዝቡ መሐል ይዞት ይገባል። አንገት የሚሰበረው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃሪ ደ ሌየር የተባለ የአሜሪካ አሠልጣኝ ለእርድ ከተጫኑ ፈረሶች አንዱን በ80 ዶላር ገዛ። የፈለገው ልጆች የሚማሩበት ረጋ ያለ ፈረስ ነበር። ስኖውማን ብለው ሰየሙት። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ረጋ ያለ ፈረስ በዝላይ ውድድር የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ።

ገንዘቡን በሙሉ ፈረሱ ላይ ማፍሰስም ሌላ ጥፋት ነው። አስር ብር ያለው ከሰባት በላይ ለፈረሱ ባያወጣ ይሻላል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ውድድር ሲቃረብ ገብስ ይጨመራል። ለጀርባው ልክ የሆነ ኮርቻ ያስፈልጋል፤ ግላሱ ቢቆይ ግድ የለም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው ቀሳፊ በሽታ በጥቃቅን ነካሽ ነፍሳት ይተላለፋል፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይበረታል። ቢሾፍቱ የሚመረት ክትባት አለው። ክትባቱን ንቆ ባለ ብር ጥልፍ ግላስ የሚገዛ ሰው አይጠፋም፤ ግላሱ ይተርፈዋል።

ጊዜውም መታሰብ አለበት። በጥር ገበያ ፈላጊው ብዙ፣ ፈረሱም የተቀለበና የተቦረሸ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን መኖ ይመነምናል፣ አጥንት ይታያል፣ ሻጩም ይለዝባል። በዚያ ወቅት የከሳ ግን እግሩ ጤነኛ የሆነ ፈረስ የገዛ ልጅ እስከ ጥር 23 ስምንት ወር ገደማ አለው። ኮርቻ ላይ መቀመጥን ለመማርም፣ ፈረሱን ለማወፈርም ይበቃዋል።