ከአየር ወደ ሞላ፦ ስለ አንድ መኪና ጅራትና ስለ ጥገና ፖለቲካ

ስለ ፌዴራሊዝም፣ ስለ በጀትና ስለ ምርጫ የምጽፈውን ሲያነብ የኖረ ሰው ዛሬ ስለ መኪና ሞላ ስጽፍ ቢያገኘኝ ‹‹ዶክተሩ ርእስ አለቀባቸው›› ማለቱ አይቀርም። ርእስ አላለቀብኝም። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ከቤቴ ስወጣ መኪናዬ የኋላ ጅራቷን መሬት ለመሬት አስቀምጣ አገኘኋት። ከዚያች ማለዳ ጀምሮ ስለ ታክስ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ መንግሥት ግዥ ከብዙ ዓመት ንባብ ያላገኘሁትን ነገር ተምሬአለሁና ለአንባቢ ባካፍለው ይሻላል ብዬ ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ድረስ ከተመረቱት የቶዮታ ፕራዶ 120 ሞዴሎች አንዷ ናት። የዚህ ሞዴል አብዛኞቹ መኪኖች ከኋላ የሚቀመጡት በጠምዛዛ ሞላ ላይ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ በተከፈለባቸው ጥቂቶቹ ላይ ግን በሞላው ፈንታ በአየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት ገብቶላቸዋል። አሠራሩ ብልሃት የሞላበት ነው። አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰር አየር ትጨምቃለች፤ አየሩ እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ውስጥ አልፎ ወደ ከረጢቶቹ ይገባል፤ ሴንሰሮች የመኪናውን ከፍታ እየለኩ ለመቆጣጠሪያው ይናገራሉ፤ ጭነት ሲበዛ አየር ይጨመራል፣ ሲቀንስ ይለቀቃል። አምስት ሰው ቢሳፈር፣ ሁለት ኩንታል ቢጫን ጅራቷ ንቅንቅ አትልም። መንገድ በተስተካከለበት አገር ይህ ድሎት ነው።

የእኛ አገር ግን ቡና የሚበቅልበት፣ ዝናቡ የዓመቱን ትልቁን ክፍል የሚይዝበት ደቡብ ምዕራብ ነው። ቀዩ ጭቃ በከረጢቱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ይደርቅና በእያንዳንዱ ንቅናቄ ጎማውን ይሞርደዋል። ጎማው በእጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፤ አየር በቀስታ ይወጣል፤ ኮምፕሬሰሯ የወጣውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ትሠራለች፤ ማድረቂያው በእርጥበት ይጠግባል፤ በመጨረሻ ኮምፕሬሰሯ ራሷ ትቃጠላለች። ስለዚህ አንድ የጎማ ስንጥቅ ሦስት ዕቃ ይበላል። የእኔዋም የሞተችው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ሶማሌ ተራ ሰው ላክሁ። አዲሱ ከረጢት ከነኮምፕሬሰሩ የተጠየቀበት ዋጋ የብዙ ወር ደመወዜን የሚውጥ ሆነ። አሮጌው ደግሞ ከሌላ መኪና የተፈታ ስለሆነ ዕድሜው ከእኔው ጋር እኩል ነበር። እዚህ ላይ ነው ኢኮኖሚክስ የሚያስተምረው ሰው የራሱን ትምህርት በገዛ ኪሱ የተማረው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ለዚያ ውሳኔ የሚቀርበውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ በክፍል ውስጥም በሁለቱም ወገን ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ሆኖም ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ የጎማ ከረጢት ዋጋው በዚያ ውሳኔ ተወስኗል።

አንድ የጋራዥ ልጅ መፍትሔ አመጣልኝ፦ ‹‹አየሩን እንጣለው፣ ሞላ እናስገባ።›› ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከእኔ ስስት ነው። ለሞዴሉ የተሠራውን ሞላ ከማፈላለግ ይልቅ ከተጣለ ሌላ መኪና የወጣ ሞላ በርካሽ ገዛሁ። ርዝመቱ ስለ በለጠ በግራይንደር ቆረጥነው። መኪናዋ ቆመች፤ እኔም ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። በሳምንቱ ከቴፒ መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ቡና እርሻዎቹ በሚገባው የጠጠር መንገድ ቁልቁለት ስወርድ ዝናብ ነበር። አንድ ጉድጓድ ስትመታ ጅራቷ ዘለለች፤ ስታርፍ በቦታዋ አላረፈችም፤ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተላቀው አህያ እንደ ረገጣት ወደ ቦዩ ዞረች። ያቆማት የቦዩ ጠርዝ ነው። አጠገቤ ልጄ ተቀምጣ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመርኩት። የሜካኒካል ምሕንድስና የሚያስተምር ባልደረባዬ በሰሌዳ ላይ ያሳየኝን በአጭሩ ልንገራችሁ። የጠምዛዛ ሞላ ጥንካሬ በሚሠሩት ጥምዝምዞች ቁጥር በተቃራኒው ይለዋወጣል። ስምንት ከነበረው ሁለቱን ብትቆርጥ ሞላው አጠረ እንጂ ለሰለሰ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በሲሶ ይጠነክራል። የሽቦው ውፍረት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፦ ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ጥንካሬው በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ‹‹ትንሽ ወፈር ያለ ነው፣ ምንም አይል›› ብሎ የሚሸጥልህ ነጋዴ ግማሽ ያህል የከረረ ሌላ ሞላ እየሸጠልህ ነው። የተቆረጠው ጫፍም በመቀመጫው ላይ በትክክል አይተኛም፤ በእሳት ከተቆረጠ ደግሞ ብረቱ የተሰጠውን ግለት ያጣና ቀን ቆጥሮ ይሰበራል።

ሁለተኛውን ሥራ የሠሩልኝ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ሙያቸውን በደርግ ዘመን በመንግሥት የቡና እርሻ ጋራዥ ውስጥ የተማሩ ሰው ናቸው። ሥራው የተከናወነው በእኔው ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ባለው ሲሚንቶ ላይ ሲሆን እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ለሞዴሉ የተሠራውን ሞላ ከላይና ከታች ከሚገባው የጎማ መቀመጫ ጋር ካላመጣሁ መኪናዋን እንደማይነኩ አስቀድመው ነገሩኝ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አልገቡም፤ ከሻንሲው ሥር ወፍራም የብረት ድጋፍ አኖሩ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስያዙ። በከረጢቱ ውስጥ የቀረውን አየር ቱቦውን ቀስ ብለው በማላላት አስተነፈሱ። የአሞርዛተሩን የታችኛውን ብሎን ፈትተው አክስሉ እንዲወርድ ሲያደርጉ፣ ‹‹ዶክተር፣ የፍሬኑን ቱቦ ይመልከቱልኝ፤ ከተወጠረ ይንገሩኝ›› አሉኝ። የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው በዚያች ደቂቃ ቢበጠሱ ማንም አያያቸውም፤ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ከረጢቱ ወጣ፣ ሞላው ገባ፣ ጫፉ በመቀመጫው እርከን ላይ መተኛቱን በጣታቸው ዳሰሱት። የኮምፕሬሰሯን ፊውዝ ነቀሉ። ከዚያ ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ ግራና ቀኙን በሜትር ለክተው በደብተር ጻፉ።

‹‹ጋሼ፣ ይህን ለምን ይጽፉታል?›› አልኳቸው።

‹‹ከሦስት ወር በኋላ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ምን ያህል እንደ ወረደ የማውቀው በምን ነው?››

ያተረፍኩትን ብቻ መናገር ተገቢ አይሆንም፤ የከሰርኩትም አለ። ሞላ ልኩ አንድ ነው። ጭነት ሲበዛ ጅራቷ ትወርዳለች፤ አፍንጫዋ ሲቀና የፊት መብራቷ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል። ባዶ ስትሄድ ትንሽ ትከራለች። ከፍታ የሚቀይረው ቁልፍ ዛሬ ጌጥ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ለኋላ ፍሬን የሚሄደው ኃይል የሚመጠነው በኋላው ከፍታ ስለሆነ፣ ሞላውን ከልክ በላይ ያስረዘመ ሰው ሳያውቀው ፍሬኑንም ቀይሯል። ይህን ሁሉ አውቆ የሚመርጥ ሰው ግን ለዚህ አገር ትክክለኛውን መርጧል ባይ ነኝ።

ይህ የድህነት ብልሃት ነው የሚል ካለ ታሪክ ያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሩም በዘመኑ ከአሜሪካ መኪኖች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በአራቱም ጎማ ላይ የአየር ከረጢት ነበረው። እየተነፈሰ ስላስቸገራቸው ብዙዎቹ ባለቤቶች አውጥተው በጠምዛዛ ሞላ ተኩት። ከዚያ በኋላ ቴክኖሎጂው ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ1992 በሬንጅ ሮቨር ላይ ሲመለስ እንኳ የአየሩን ከረጢት ወደ ሞላ የሚቀይር ዕቃ አዘጋጅቶ መሸጥ በውጭው ዓለም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ልዩነቱ እዚያ ዕቃው ከነመመሪያው በሳጥን ታሽጎ መሸጡ ነው፤ እዚህ ዕውቀቱ ያለው በአንድ አዛውንት ደብተር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። መንግሥት በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ለነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ ለማዳን ነው ተባለ፤ ምክንያቱ ውሃ የሚያነሣ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ቀጥተኛ ውጤት ምንድን ነው? አሁን አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ሃያና ሠላሳ ዓመት ተጨማሪ ይኖራሉ ማለት ነው። አሮጌ መኪና እንዲኖር የሚያደርግ ፖሊሲ ያወጣ መንግሥት የጥገና ፖሊሲ ሊኖረው ይገባል። የለውም። ስለ ማስገባት እንጂ ስለ ማኖር የሚናገር አንቀጽ ፈልጌ አጥቻለሁ። የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከእኔዋ ይልቅ በኮምፒውተር የታሰሩ ናቸው፤ እነርሱ ሲታመሙ ደብተር ያላቸው አዛውንትም አይደርሱላቸውም።

በእኛ ክልል ጉዳዩ ይብሳል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. 11ኛው ክልል ሆኖ የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎቹ አራት ናቸው፦ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ታርጫ። ይህ የተደረገበትን የፖለቲካ ምክንያት እረዳለሁ፤ ሕዝቦች እኩል ነን ብለው የተስማሙበት ነው። ይሁን እንጂ ቢሮዎቹ በአራት ከተሞች በተከፋፈሉ ቁጥር የመንግሥት መኪና ዕረፍት የለውም። ለአንድ ስብሰባ ከሚዛን ቦንጋ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ታርጫ ከሆነ ቀኑ ይመሻል። ክልሉ የሚንቀሳቀሰው በጎማና በሞላ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ክልል መኪና ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ ‹‹ይህ ሲበላሽ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚጠግነው ማን ነው? ዕቃው የት ይገኛል?›› የሚል ጥያቄ መቅደም አልነበረበትም? ገዢው የሚያየው የወንበሩን ቆዳና ‹‹ቪ8›› የሚለውን ጽሑፍ ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መኪናው በግቢው አጥር ሥር ሣር ይበቅልበታል። አምቡላንስ ከሆነ ደግሞ ሣሩ የሚበቅለው በሌላ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ዓመታዊው ምርመራ ነው። የእኔ መኪና በተቆረጠው ሞላ ላይ ቆማ ሳለች ቦሎ ለማግኘት ቀርባ ነበር። መብራቷ ታየ፣ ፍሬኗ ተሞከረ፣ ከሥሯ ግን ማንም አላጎነበሰም። አለፈች። እንዳታልፍ መደረግ ነበረባት! ይህን የምለው ቅጣት ናፍቆኝ አይደለም። ባለሙያ ሞላ መቀየርን እንደ ደንብ መተላለፍ ሸሽጎ የሚሠራው ከሆነ፣ በትክክል የሠራውና በግራይንደር የቆረጠው አንድ ይሆናሉ። ለውጡ ይፈቀድ፣ ይመዝገብ፣ የሞላው መለያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይመርመር። የአይሱዙ ባለቤቶች ለቡና ጭነት ባሌስትራ ሲጨምሩ ስንት ዓመታቸው ነው? ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

የአዛውንቱን ደብተር በፈቃዳቸው ፎቶ ኮፒ አድርጌ በቴክኒክ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ ለሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሰጥቼዋለሁ። አሥራ አራት መኪና ተመዝግቦበታል፦ የሞላው ርዝመት፣ የሽቦው ውፍረት፣ በሦስት ወሩ የወረደው መጠን። በአንዱ ገጽ ኅዳግ ላይ ‹‹ይህ ሰው አልተመለሰም›› የሚል ተጽፎበታል። ወዳጄ በመጪው ቅዳሜ ሁለት ተማሪዎች ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ጅራቷ የተቀመጠው ሁለተኛዋ ፕራዶ፣ የጎረቤቴ፣ ከማንጎው ሥር ቆማ ትጠብቃቸዋለች።