በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ገመዶች



በወረዳ ከተሞቻችን «ሲስተም የለም» ሲባል ድሮ የሚስተጓጎለው የአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር። ዛሬ የከተማው ኑሮ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የገበያው ገንዘብ ወደ ስልክ እየገባ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ሒሳብ በዲጂታል እንዲከፈል ተደርጓል፤ ወላድ ለማድረስ አምቡላንስ የሚጠራው፣ ሆስፒታል ከሆስፒታል የሚማከረው በዚያው መረብ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር «መጠባበቂያ መስመር ይጨመርልን» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ጎደሎ ነው እላለሁ። ሁለተኛ መስመር መጠባበቂያ የሚሆነው የመጀመሪያውን የሚጥለው ምክንያት እሱን የማይጥለው ሲሆን ብቻ ነው። ይህ ነገር እንደ እኛዋ የመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ላለ፣ በጀማ ወንዝ ገደል ለተከበበ ቦታ፣ ከሌላው ሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ብቻ አፍሪካን ከዓለም የሚያገናኙ የባሕር ውስጥ ገመዶች ሦስት ጊዜ ተበጥሰዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ የተበጠሱት በጅምላ ነው። በየካቲት በቀይ ባሕር ሦስት ገመዶች ሄዱ። በመጋቢት ከአቢጃን ባሻገር በባሕሩ ወለል ላይ አራት ገመዶች በአንድ ቀን ጠፉ፤ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ባንኮች ሳይቀሩ ተቸገሩ። በግንቦት ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ አጠገብ ኢሲ እና ሲኮም የተባሉት ሁለቱ ተከታትለው ተቆርጠው የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ተዳከመ። እነዚህን ገመዶች የዘረጉት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ በወረቀት ሲቆጠሩ አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ነበሩ። መሬቱ ግን አንድ ነበር። ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። አንድ መስመር ከዓመቱ ጊዜ አንድ በመቶውን ቢቋረጥ 87 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ፈጽሞ የማይነካኩ ሁለት እንዲህ ያሉ መስመሮች ቢኖሩ ሁለቱም ባንድ ላይ የሚጠፉበት ጊዜ በዓመት ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል። የመቋረጡ ግማሽ ምክንያት ሁለቱም የሚሻገሩት አንድ ድልድይ ከሆነ ግን፣ ሁለተኛውን ለመዘርጋት የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስ፣ ከ43 ሰዓት በታች መውረድ አይቻልም።

አሁን ይህን በእኛ መልክዓ ምድር ላይ እናሳርፈው። ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ከሙከጡሪ ተገንጥሎ፣ ለሚን አልፎ፣ ወደ ጀማ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። ፋይበር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበረው መንገድ ተከትሎ ነው፤ ለቁፋሮም ለጥገናም ስለሚቀል። የጀማ ተፋሰስ ደግሞ በናዳ የታወቀ ነው። በክረምት ገደሉን የሚንደው ውኃ ገመዱን ሲበጥስ፣ ያንኑ ገመድ ሊቀጥል የሚመጣውን ቡድን መኪናም መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ጉዳቱና የጥገናው መዘግየት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ ማለት ነው። በዚሁ መንገድ ግራና ቀኝ ሁለት ገመድ መቅበር ብልሃት መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። ሁለተኛው መስመር በሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ከደብረ ብርሃን ጋር ሊገናኝ ይገባል። ለመኪና ጠላት የሆነው ገደል ለማይክሮዌቭ ወዳጅ መሆኑንም አንርሳ። ከመርሐቤቴ አፋፍ ሆኖ የሞረትና ጅሩ አምባ በዓይን ይታያል፤ አንቴና ለአንቴና ከተያየ ሸለቆው ምንም አይደለም፤ ከወረዳው ከተማ ከእነዋሪ ወደ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ ደግሞ ጀማን የማይነካ ነው። «ዝናብ ማይክሮዌቭን ያደክመዋል» የሚል ባለሙያ ይኖራል። ልክ ነው፣ በተለይ ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ ባለው ሞገድ። ሆኖም ዶፉ ሲያባራ ሞገዱ በራሱ ይመለሳል፤ ናዳ የበጠሰው ፋይበር ግን ሰው ካልደረሰለት ተኝቶ ይቀራል። የሚወድቁበት ምክንያት መለያየቱ ነው ጥሩ ጥንድ የሚያደርጋቸው።

«አሁን እኮ ሁለት ኩባንያ አለ፤ አንዱ ሲጠፋ በሌላው መደወል ነው» የሚሉም አሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎቱን በይፋ ሲከፍት ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር መሠረተ ልማት ለመጋራት ተስማምቶ ነበር። መጋራቱ ወጪ ስለሚቀንስ መልካም ነው፤ ግን ሁለት ሲም ማለት ሁለት መንገድ ማለት አይደለም። በአንድ ማማ ላይ ተሰቅለው፣ ከአንድ የመብራት መስመር እየጠጡ፣ በአንድ ፋይበር የሚወጡ ሁለት ኔትወርኮች አብረው ይወድቃሉ። መብራቱ ራሱ ትልቁ የጋራ ምክንያት ነው። የማማ ባትሪ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይሆንም፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፤ ናፍጣው የሚመጣው በዚያው በጀማ መንገድ ነው። በአካባቢያችን የምትገኘው የሬማ መንደር በፀሐይ ኃይል ቤቶቿን ስታበራ ዓመታት አስቆጥራለች፤ ለማማዎች የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በቀለበት ቅርጽ የተሠራ መረብ አንዱ ጎኑ ሲቆረጥ ትራፊኩን በሌላው ጎን ለማዞር 50 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል፤ ተነጋጋሪው እንኳን አያውቅም። ይህ የሚሆነው ግን ሌላው ጎን በሕይወት እንዳለ ከታወቀ ነው። ለዓመት ያልተፈተነ መጠባበቂያ ቀድሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ መሞቱ የሚታወቀው በሚያስፈልግበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ካናዳ ውስጥ ሮጀርስ የተባለው ኩባንያ በአንድ የማዋቀር ስሕተት ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን ከአገልግሎት ውጭ ሲያደርግ፣ ጥገናውን ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩበት ስልክ በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ላይ መሆኑ ነበር። ጠጋኙ የሚጠራበት መንገድ ከሚጠገነው ነገር ውጭ መሆን አለበት። ለዚህ የሚሆነው ሳተላይት ለእኛ አዲስ አይደለም፦ ወረዳዎቻችንን በሳተላይት ያገናኘው ወረዳኔት የተሠራው ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ እንዲህ ያለ የሳተላይት መስመር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ስለሚወርድ ለቪዲዮ ይዘገያል፣ ለጥገና ጥሪና ለሆስፒታል መልእክት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የገንዘብ ነው፦ የመጀመሪያ መስመር ያላገኙ ቀበሌዎች እያሉ ለእኛ ሁለተኛ መጠየቅ ራስ ወዳድነት አይሆንም ወይ? በዚያው መንገድ ሌላ ገመድ ብንጠይቅ ኖሮ ይሆን ነበር፤ ማንንም አዲስ ሰው አያገለግልምና። በሌላ አቅጣጫ የሚሄድ መስመር ግን ለእኛ ሁለተኛ፣ በመንገዱ ላሉት የመጀመሪያ ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚሠሩትን ቀለበት በሚዳና በመንዝ በኩል ማስፋትም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። ሌላው ተቃውሞ እውነትነቱ ሊሸሸግ የማይገባው ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን በአማራ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋው በናዳ አይደለም። በትእዛዝ የሚዘጋን መረብ ስንት ገመድ ቢጨመር አያድነውም፤ ያ የሕግና የሰላም ጥያቄ ነው፣ በራሱ ቦታ ሊጠየቅ ይገባል። እሱ እስኪመለስ ግን ክረምቱ አይጠብቅም።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የማቀርበው ጥያቄ ጠባብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 አገልግሎት ሰጪዎችን እንዲቆጣጠር ተቋቁሟል። «መጠባበቂያ አለን» የሚል ኩባንያ ሁለቱ መስመሮች የት እንደሚገናኙ፣ የትኛውን ድልድይና የትኛውን የመብራት ምንጭ እንደሚጋሩ ለባለሥልጣኑ እንዲያስመዘግብ ይደረግ፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ ከተማም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ዋናው መስመር ሆን ተብሎ ተነቅሎ መጠባበቂያው ይፈተን፤ ውጤቱም በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ
ዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ