ለቤት የሚጠቅም መጽሐፍ

ብልህ ባለቤት ለእርሻው ሞፈርና ቀንበር እንደሚያዘጋጅ፥ ለቤቱም ጥቂት መልካም መጻሕፍት ያኖራል። ቤትን የሚያቀናው የመጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ ደጋግሞ ማንበብ ነው።

የመጀመሪያው የጠባይ መጽሐፍ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ከጉንዳን እንዲማር ይልከዋል፤ መጽሐፈ ሲራክም አባትንና እናትን ማክበርን ያስተምራል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚባለውን መጽሐፍ አሳተሙ።

ሁለተኛው የእርሻ መጽሐፍ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ አገር ብዙ ዝናም የአፈሩን ኃይል አጥቦ ይወስዳል፤ መሬቱም ይኮመጥጣል፤ የገብሱም ሥር ያጥራል። ይህን ያላወቀ ገበሬ ዕድሉን ይወቅሳል፤ ያወቀ ግን የተፈጨ ኖራ በማሳው ላይ በትኖ ከአፈሩ ጋራ ያርሰዋል።

ሦስተኛው የጤና መጽሐፍ ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳያሻው፥ ክትባቱም በየጊዜው እንዲሰጠው ይናገራል።

ነገር ግን በሣጥን ተቈልፎ የሚኖር መጽሐፍ በጎተራ ነቅዞ እንደሚቀር እህል ነው። አባትና እናት ፊደል ያልቈጠሩ እንደ ሆነ፥ የተማረው ልጅ ማታ በምድጃ አጠገብ ያንብብላቸው። በቤቱ የሚነገረው አገውኛ ከሆነም፥ ያነበበውን በአገውኛ ይተርጕምላቸው። እርሱ ፊደሉን ያውቃል፤ እነርሱ መሬቱን ያውቃሉ፤ ሁለቱ ዕውቀት ሲገናኝ ቤት ይቀናል። ማንበብ ተምሮ አባቱን የሚንቅ ልጅ ግን ያነበበውን ገና አላስተዋለም።