ስም ከቤት ይወጣል፤ አሮጌ የአሜሪካን አውቶሞቢል ስለ መግዛት

«ስም ይወጣል ከቤት፥ ይቀበላል ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አነጋገር ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፥ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ዕድሜ ላላቸው የአሜሪካን አውቶሞቢሎችም በትክክል ይሠራል። የአንዲት መኪና እውነተኛ ስሟ ፋብሪካዋ የሰጣት ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤትና ነጋዴ የለጠፈላት ስም ግን ጎረቤት የተቀበለው ሳይሆን ጎረቤት የፈጠረው ሊሆን ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የአንድ ወጣት ሠራተኛን የብዙ ዓመት ቁጠባ ሊውጥ ስለሚችል፥ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የሚመነጨው ከፋብሪካዎቹ የቀድሞ ልማድ ነው። የአሜሪካን ፋብሪካዎች የመኪናቸውን መልክ በየዓመቱ ይለውጡ ነበር። አዲሱም ሞዴል ብዙ ጊዜ የሚወጣው እኛ ዘመን በምንለውጥበት ሰሞን፥ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ስለ ነበር፥ በ1956 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1957 ሞዴል ትባላለች። ከዚህም በላይ አንዱ አካል ልዩ ልዩ ማዕረግ ይሰጠው ነበር። የ1957 ሼቭሮሌት ርካሹ ዋን ፊፍቲ፥ መካከለኛው ቱ ቴን፥ ከፍተኛው ቤል ኤር ይባል ነበር። የኋላ ክንፋቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በኒኬሉ፥ በጎናቸው ጌጥና በውስጥ ልብሳቸው ነው። ኒኬል ግን ተገዝቶ ይለጠፋል። በሻንሲው ቁጥር ላይ ከ57 በፊት ያለው የላቲን ፊደል ኤ ከሆነ ዋን ፊፍቲ፥ ቢ ከሆነ ቱ ቴን፥ ሲ ከሆነ ቤል ኤር መሆኑን ይናገራል። ቁጥሩ በቪ ሲጀምር ሞተሩ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ቤል ኤር ተብላ የቀረበች መኪና ቁጥሯ ቢ ካለ፥ ጌጧ ምንም ቢያምር ቱ ቴን ናት።

ፎርድ ሙስታንግም እንዲሁ ናት። ለሕዝብ የቀረበችው አፕሪል 17 ቀን 1964 ነው። የመጀመሪያዎቹን ሰዎች «የ1964 ተኩል» ቢሏቸውም፥ ፋብሪካው የመዘገባቸው 1965 ብሎ ነው። የእነዚህ ቀደምቶች ምልክት ዳይናሞ ነው፤ በኋላ የተሠሩት አልተርኔተር አላቸው። ዳይናሞ ግን ሊለወጥ ስለሚችል፥ የሚሻለው ምስክር በቁጥሩ ውስጥ አምስተኛው ላይ ያለው የሞተር ፊደል ነው። በ1965 እና በ1966 ሞዴሎች ጂ.ቲ. የተባለው ዓይነት ይሰጥ የነበረው በኤ ወይም በኬ ሞተር ብቻ ነው። ስለዚህ በጎኗ የጂ.ቲ. መስመር ተሥሎባት፥ በፊቷ የጉም መብራት ተተክሎባት፥ ፊደሏ ግን ሲ ወይም ቲ የሆነች መኪና ከፋብሪካ ጂ.ቲ. ሆና አልወጣችም። ይሁን እንጂ ኤ መሆኗ ብቻውን ጂ.ቲ. አያሰኛትም፤ ፊደሉ ሐሰትን ይገልጣል እንጂ እውነትን ሁልጊዜ አያረጋግጥም።

ከሁሉ የሚከፋው ቁጥሩ ራሱ ዝም ሲል ነው። ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. በ1964 ሲጀመር ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን፥ ሦስት መቶ ዶላር በማይሞላ ተጨማሪ ዋጋ በለማንስ ላይ የሚታዘዝ ዕቃ ነበር። ስለዚህ በ1964 እና በ1965 መኪኖች ላይ ቁጥሩ ጂ.ቲ.ኦ. መሆኑን አይነግርም፤ ከ1966 እስከ 1971 ግን በ242 ይጀምራል። ሼቬል ኤስ ኤስ 396 ደግሞ ነገሩን ገልብጣዋለች፤ ከ1966 እስከ 1968 ቁጥሯ በ138 ሲጀምር ይታወቅ ነበር፤ ከ1969 ጀምሮ ኤስ ኤስ ታዛዥ ዕቃ ስለ ሆነ ከቁጥሩ ጠፋ። በዚህ ጊዜ የሚዳኘው ወረቀት ነው። የፖንቲያክ ፋብሪካ የሽያጭ ሰነድ ግልባጭ በቁጥሩ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። የሼቭሮሌት ገዢ ግን ባብዛኛው ከመኪናዋ ጋር ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈው ወረቀት መመካት አለበት። ወረቀት በሌለበት የ«ነው» ዋጋ ሳይሆን የ«ይሆናል» ዋጋ ይከፈላል።

እንግዲህ ገዢ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን ያንብብ። በሻንሲው ላይ ያለው ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር አንድ መሆኑን፥ የቁጥሩ ሰሌዳ ተነቅሎ እንደ ገና የተመታ አለመሆኑን ይመልከት። ከዚያ ወደ ሞተሩ፥ ከሞተሩ ወደ ወረቀቱ ይሂድ፤ ጌጡን መጨረሻ ይየው። «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» ይባላል። በመኪና ግዢ ግን መርዶ የሚደርሰው አጥብቆ ላልጠየቀው ነው።

መኪናዋ ከሄደችና ካማረች ስሟ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። እኛም ተራዋን ለማንስ ጂ.ቲ.ኦ. አስመስሎ መሥራት ነውር ነው አንልም፤ የእጅ ጥበብ ነው። ነውሩ አስመስሎ ሠርቶ እውነተኛ ናት ብሎ መሸጥ ነው። ያን ጊዜ ገዢው ላልተሠራ ነገር ይከፍላል፤ ነገ ሲሸጥም ወይ ኪሳራውን ይሸከማል፥ ወይ ውሸቱን ለሌላው ያስተላልፋል። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ በአሜሪካ ያሉትም ሆኑ በሌላ አገር የሚኖሩ፥ ገንዘባቸው ጥቂት፥ ፍቅራቸው ብዙ የሆነ ወጣቶች በታላቅ ስም ከተሸፈነች ሐሰተኛ ይልቅ፥ ስሟና ቁጥሯ የተስማማላትን ተራ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቢመርጡ ይሻላቸዋል። የገዙትን አውቀው የገዙ ስለሆኑ፥ የሚሸጡበት ቀን ሲመጣ ከገዢው ዓይን የሚሸሽጉት ነገር አይኖራቸውም እንላለን።