የአደራ መሣሪያ፦ የአሜሪካ «ትረስት» አሠራርና ለሪያድ ነዋሪ የሚሰጠው ትምህርት

በዩናይትድ ስቴትስ ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ለመግዛት ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር የፌዴራል ታክስ ወደ ዜሮ ወርዷል። ለውጡን ያመጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሰፊ የታክስና የወጪ ሕግ ነው። ይህን ተከትሎ የጦር መሣሪያን በግለሰብ ስም ሳይሆን «ትረስት» በሚባል ሕጋዊ አደራ ስም ማስመዝገብ እንደገና የመወያያ ርእስ ሆኗል።

በሪያድ ከተማ በጀራዲያ ሰፈር ለሚኖር ወይም ለሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ይህ ዜና ከውቅያኖስ ማዶ ያለ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዛሬ በሦስት አገሮች ተከፋፍለው ይኖራሉ። አንዱ በሪያድ ሲሠራ ሌላው በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ይኖራል፤ ወላጆች ደግሞ በጎጃም፣ በወሎ ወይም በጎንደር ናቸው። በአንዱ አገር የተፈቀደው በሌላው ወንጀል ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ የየአገሩን ሕግ ለይቶ ማወቅ ለእነዚህ ቤተሰቦች የነጻነትና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ታክስ የነበረው ሕግ

የጉዳዩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የጦር መሣሪያዎች ሕግ ነው። አገሪቱ በጊዜው የወሮበሎች ግድያ ያስጨነቃት ስለነበር፣ ምክር ቤቱ መትረየስን፣ አፈሙዛቸው ያጠረ ጠመንጃዎችንና ድምፅ ማፈኛን ከመከልከል ይልቅ ከባድ ታክስና የምዝገባ ግዴታ ጣለባቸው። የዚያን ዘመን 200 ዶላር በዛሬው የመግዛት አቅም ሲሰላ ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። የገንዘቡ መጠን ለዘጠኝ ዐሥርት ዓመታት ሳይጨምር በመቆየቱ፣ በመጀመሪያ ገዢን የሚያስቀር የነበረው ታክስ ቀስ በቀስ ብዙዎች የሚከፍሉት ተራ ወጪ ሆነ።

ድምፅ ማፈኛውን የፈለሰፈው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ሲሆን፣ የመትረየስ ፈልሳፊው የሂራም ማክሲም ልጅ ነው። መሣሪያው በፊልም እንደሚታየው ተኩስን ወደ ሹክሹክታ አይለውጥም። በአብዛኛው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ድምፅ የሚቀንስ በመሆኑ፣ ከ140 ዴሲቤል በላይ የሚደርሰው የጠመንጃ ድምፅ ከተቀነሰም በኋላ በግልጽ ይሰማል። ደጋፊዎቹ የአዳኞችንና የተኳሾችን ጆሮ ይጠብቃል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ተኩስ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አስቸጋሪ ያደርጋል ሲሉ ይከራከራሉ።

ትረስት ለምን ተመረጠ?

ትረስት ማለት አንድ ሰው ንብረቱን ለይቶ፣ ባለአደራ እንዲያስተዳድረውና ሌሎች ተጠቃሚ እንዲሆኑበት የሚያደርግበት ሕጋዊ መሣሪያ ነው። አሜሪካውያን የጦር መሣሪያን በዚህ መንገድ ለመያዝ የመረጡት በሦስት ምክንያቶች ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ይዞታ ነው። በ1934ቱ ሕግ መሠረት በአንድ ግለሰብ ስም የተመዘገበን ዕቃ ሌላ ሰው፣ የትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ ባለቤቱ በሌለበት በእጁ ቢያደርገው ሁለቱም በወንጀል ሊጠየቁ ይችላሉ። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይደርሳል። ንብረቱ የትረስት ከሆነ ግን በሰነዱ ላይ የተሰየሙ ባለአደራዎች ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ሊይዙት ይችላሉ።

ሁለተኛው ውርስ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ትረስቱ ስለማይሞት፣ ንብረቱ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚረከበው አስቀድሞ ይወሰናል። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ በሳጥን ውስጥ ያገኘውን መሣሪያ ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ሕግ ከመተላለፍ ይድናል።

ሦስተኛው ምክንያት አከራካሪ የነበረው ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ ግለሰብ አመልካች የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ከማቅረቡ በተጨማሪ የአካባቢውን የፖሊስ ኃላፊ ፊርማ ማግኘት ነበረበት። በትረስት ስም ያመለከተ ግን ከእነዚህ ግዴታዎች ነጻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 13 ቀን 2016 ጀምሮ የጸናው ደንብ ይህን ቀዳዳ ዘጋው። ደንቡ በትረስቱ ውስጥ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ሁሉ አሻራና ፎቶግራፍ እንዲያቀርቡ አስገደደ፤ በምትኩ የፖሊስ ኃላፊው ፊርማ ቀርቶ ለኃላፊው ማሳወቅ ብቻ በቂ ሆነ።

ስለዚህ ዛሬ ትረስት ራስን መደበቂያ አይደለም። የጦር መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለ ሰው ባለአደራ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ መብት አያገኝም። ይህ ነጥብ ለኢትዮጵያውያን በተለይ ጠቃሚ ነው። በጎብኚነት፣ በተማሪነት ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛነት ቪዛ አሜሪካ የገባ የውጭ ዜጋ፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ውስን ሁኔታዎች ካልተሟሉ በቀር፣ የጦር መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ዘመዱን ሊጠይቅ ከሪያድ ወደ አሌክሳንድሪያ የተጓዘ ሰው፣ የዘመዱ መሣሪያ በትረስት ስለተመዘገበ ብቻ በእጁ ሊያደርገው አይችልም። ክልከላው ከግዛት ግዛትም ይለያያል። ድምፅ ማፈኛ በቨርጂኒያ የተፈቀደ ሲሆን፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው በዋሽንግተን ዲሲ ግን የተከለከለ ነው።

የታክሱ ወደ ዜሮ መውረድ ሌላ የሕግ ጥያቄ አስነስቷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1937 የ1934ቱን ሕግ ያጸናው መንግሥት ታክስ የመጣል ሥልጣን አለው በሚል መሠረት ነበር። ታክሱ ዜሮ ከሆነ ምዝገባው በምን ላይ ይቆማል? የሚሉ ወገኖች በፍርድ ቤት ክስ መሥርተዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ የታክሱ መቅረት የምዝገባና የማጣራት ግዴታውን በራሱ አላስቀረውም።

ወቅፍና ፈቃድ በሳዑዲ ዓረቢያ

ለሳዑዲ ነዋሪ የትረስት ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በእስልምና ሕግ የታወቀው ወቅፍ ንብረትን ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ፣ በናዚር አስተዳዳሪነት ለተወሰነ በጎ ዓላማ ወይም ለቤተሰብ ጥቅም ማዋል ነው። አንዳንድ የሕግ ታሪክ ተመራማሪዎች የእንግሊዝ ትረስት ከወቅፍ ተጽዕኖ ሳያገኝ አልቀረም ብለው ያምናሉ። የጦር ዕቃም በወቅፍ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። ኻሊድ ኢብን አልወሊድ ጥሩሩንና የጦር ዕቃውን ለአምላክ መንገድ መስጠቱን የሚገልጸው ሐዲስ፣ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ወቅፍ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃ ሆኖ በሊቃውንት ይጠቀሳል።

የዘመኑ ሕግ ግን የንብረት ባለቤትነትንና መሣሪያ የመያዝ መብትን ለያይቶ ይመለከታል። በ1426 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ2005) በንጉሣዊ ድንጋጌ የወጣው የሳዑዲ የጦር መሣሪያዎችና ጥይቶች ሕግ ይዞታን ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚሰጥ ፈቃድ ላይ መሥርቷል። ፈቃዱ ለተሰየመው ሰው የሚሰጥ በመሆኑ በቃል ስምምነት፣ በዝምድና ወይም በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ወደ ሌላ አይተላለፍም።

የጀራዲያን ነዋሪ በቀጥታ የሚነካው ይህ ነው። በእርሻ ቦታ፣ በዕረፍት ቤት፣ በከብት ጥበቃ ወይም በሹፌርነት የሚሠራ ሰው «ይህን ያዝልኝ»፣ «እስክመለስ አስቀምጥልኝ» የሚል ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ጥያቄው ከአሠሪ ወይም ከአገር ልጅ ሊመጣ ይችላል። በኢትዮጵያዊ ባህል አደራ መቀበል የመታመን ምልክት፣ እምቢ ማለት ደግሞ የወዳጅነት ጉድለት ተደርጎ ይታያል። ሕጉ ግን መሣሪያው በማን እጅ እንደተገኘና ያ ሰው ፈቃድ እንዳለው ይጠይቃል። ፈቃድ የሌለው ሰው «የእኔ አይደለም፤ አደራ ነው» ማለቱ የባለቤትነትን ጥያቄ ይመልስ ይሆናል፤ የይዞታን ጥያቄ ግን አይመልስም። በሰው አገር እንዲህ ያለ ክስ የሚያስከትለው ጣጣ ሥራንና የመኖሪያ ፈቃድን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያም የአደራን ሕጋዊ ቅርጽ ታውቀዋለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረት በባለአደራ የሚተዳደርበትን ሥርዓት ይደነግጋል። መሣሪያን በሚመለከት ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ያጸደቀው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መነሻው ፈቃድ ነው።

ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የክብር ዕቃ ሆኖ በኖረበት አካባቢ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። የአባቱን መሣሪያ ወንድሙ ዘንድ ትቶ ወደ ሪያድ የመጣ ሰው፣ የቤተሰቡ ሐቅ በቤተሰቡ እጅ እንዳለ ያስባል። ሕጉ ግን የቤተሰብ ሐቅን ከፈቃድ ለይቶ ስለሚያይ ወንድሙ በራሱ ስም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ወደ አገር ቤት ገንዘብ ልኮ መሣሪያ ማስገዛትም በሕገወጥ ዝውውር የመጠየቅ አደጋን ያስከትላል።

የሦስቱ አገሮች ሕጎች በታሪክም በይዘትም ይለያያሉ። አሜሪካ ድምፅ ማፈኛን ሳይቀር በትረስት ስም እንዲመዘገብ ትፈቅዳለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያና ኢትዮጵያ ጥብቅ የፈቃድ ሥርዓት ይከተላሉ። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ሰነዱ በማንም ስም ቢጻፍ፣ መሣሪያውን በእጁ የያዘው ሰው ማንነቱ የታወቀና የተፈቀደለት ሊሆን ይገባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 በትረስት ላይ ያደረገችው ማሻሻያ ወደዚሁ መርህ የተደረገ ጉዞ ነበር። መሣሪያ በአደራ እንዲይዝ የተጠየቀ የሪያድ ነዋሪም ከመቀበሉ በፊት ይህን መርህ ሊያስታውስ ይገባል። ለወዳጁ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ፣ ፈቃዱ በስሙ ያለው ሰው መሣሪያውን ራሱ እንዲጠብቅ መንገር ነው።