የእማሆዮች ዕዳ አለብን

 የዛሬው ጽሑፍ ይረዝማል፤ ትዕግሥት ያለው ይከተለኝ። የማይጥመው ሰውም አይጠፋም። ግን ዝም ልበል ብል ሆዴ አልችል አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ነርስ ናት። «ጋሼ፣ ያስተማሩኝ ሲስተር የ50 ዓመት በዓላቸው ነው፤ ካልመጡ እቀየማለሁ» አለችኝ። ሲስተር ስትል ነርስ መስሎኝ ነበር። ለካስ ካቶሊካዊት መነኩሲት ናቸው። እኔ መንዝ ተወልጄ በኦርቶዶክስ ሥርዓት ያደግሁ ሰው ነኝ። ቢሆንም ተማሪ ጠርቶ አይቀርም፤ ሄድኩ።

በነገራችን ላይ፣ ጤና ጣቢያ ስንገባ ነጭ ጋውን የለበሰችውን ሁሉ «ሲስተር» የምንለው ከየት አምጥተን ይመስላችኋል? በአውሮፓ በሽተኛ ማስታመም ለዘመናት የመነኮሳይት ሥራ ስለነበረ ነው። ዛሬ ባለትዳሯንም፣ ሙስሊሟንም፣ ጴንጤዋንም ሲስተር እንላለን። ስሙ ቀረ፤ ባለቤቶቹ ተረሱ።

በበዓሉ ላይ አንዲት ወጣት መነኩሲት ወረቀት ይዛ ተነሳች። ሲስተር መጀመሪያ መሐላ የገቡበትን ዓመት አነበበች። ከዚያ የሠሩበትን ክሊኒክ፣ እዚያ የቆዩበትን ዓመት፣ ያስተማሩበትን ትምህርት ቤት፣ እዚያም የቆዩበትን ዓመት እያለች ቀጠለች። አንድ ዓመት አልጎደለም። ተደምሮ 50 ሞላ። ሲስተር ራሳቸው ሲናገሩ ግን ሦስት ደቂቃም አልፈጀባቸው። «ብዙ ጊዜ ደክሞኛል። ልተወው ያልኩበትም ቀን ነበር። እህቶቼ ደግፈውኝ እዚህ ደረስኩ» ብለው ተቀመጡ።

ምሳ ላይ አጠገባቸው ደረሰኝ። «ከእንግዲህስ የት ይኖራሉ?» አልኳቸው። «የት እኖራለሁ? ቤቴ ነዋ!» ብለው ሳቁብኝ። ተማሪዬ አስረዳችኝ። የድህነት፣ የንጽሕናና የታዛዥነት መሐላ አለባቸው። ደሞዝ ቢያገኙ ለማኅበሩ ይገባል፤ የግል ገንዘብ የላቸውም። ሲያረጁ ደግሞ ማኅበሩ ይጦራቸዋል፤ ወጣቶቹ ያስታምሟቸዋል።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አክስቴ ትዝ አሉኝ።

አክስቴ ባላቸው በሞተ በዓመቱ ቆብ ደፉ። 42 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ 38 ዓመት ኖሩ። ቤታቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ የተቀለሰች፣ በጓሳ ሣር የተከደነች ጎጆ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። የመገበሪያውን ስንዴ የሚለቅሙትና የሚፈጩት እሳቸው ነበሩ። ለጧፍ የሚሆን ፈትል ይፈትላሉ። ቅጥሩን ይጠርጋሉ። የተጣሉ ባልና ሚስት ካሉ መሀል ገብተው ያስታርቃሉ። የበግ ጸጉር ፈትለው ለባና ሠሪ ይሸጣሉ፤ በምታገኟት ሳንቲም ገብስ ይሸምታሉ። ገብሱ ለማን ይቆላል? ለቆሎ ተማሪ። ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ለሚል የሰው ልጅ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ተማሪዎቼ። ከጌራ፣ ከላሎ፣ ከማማ፣ ከግሼ በእግራችሁ የመጣችሁ፣ ሰኞ ጠዋት ዳቦና በሶ ተሸክማችሁ ክፍል የምትገቡ ልጆች ነበራችሁ። ስንቁ ለሳምንት ይበቃል ተብሎ ነበር። አልበቃም። ሐሙስ ያልቃል። ያኔ የማንን በር አንኳኳችሁ? በጥቅምት ውርጭ የማን ኩበት ነዶ ሞቃችሁ? የማንን ባና ለሦስት ለአራት ተጋፍታችሁ ለበሳችሁ? ከእናንተ መሀል ሐኪም አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ አሜሪካ ያለ አለ። አክስቴ ቤት ያደሩትን ልቁጠር ብዬ 23 ስም ላይ ደረስኩ፤ ይህ እኔ የማስታውሰው ብቻ ነው። በየደብሩ ደግሞ እንደ አክስቴ ያሉ እማሆዮች ነበሩ።

መጨረሻቸውስ? ዓይናቸው ፈዘዘ። መፍተል አቃታቸው፤ ፈትል ሲቀር ገብስም ቀረ። 38 ዓመት የጠረጉት ቅጥር በር ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ከነዳያን ጋር ተቀመጡ። ደብሩን በስም አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ደብር ብቻ አይደለምና።

እኔስ ምን አደረግሁ? በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጥቼ በየወሩ የምቀበል ሰው ነኝ። በበዓል በበዓል አንድ ኪሎ ስኳርና ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጉልበታቸውን ስሜ፣ ተመርቄ እመለሳለሁ። ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር! የቀብራቸው ዕለት አንዱ ካህን «እማሆይ ስንት ዓመት አገለገሉ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስ ጠፋ። እኔ ራሴ ከባላቸው ሞት ተነስቼ ያሰላሁት ከሐዘኑ በኋላ ነው።

እንግዲህ የኔ ነገር ይሄ ነው። እማሆዮቻችን ሠራተኞች ነበሩ። የሠራ ሰው ሲያረጅ የሚሰጠው ነገር ምጽዋት አይባልም። ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

የምትሉኝን አውቃለሁ፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ዓለምን ንቀው የወጡ ናቸው፣ ገንዘብ ምን ያደርግላቸዋል?» ዓለምን የናቁት እነሱ ናቸው። እኛ እነሱን እንድንንቅ ማን ፈቀደልን? መነኩሲት ትጾማለች ማለት ጾም በማይሆንበት ቀንም ትራብ ማለት አይደለም። ካቶሊኳም ሲስተር እኮ የድህነት መሐላ አለባት። ድህነቷ ከእህቶቿ ጋር ነው። የኛይቱ ብቻዋን ትደኸያለች።

«ልጆቻቸው ይጡሯቸው።» የትኞቹ ልጆች? በልግ በከዳ ቁጥር የመንዝ ልጅ ቆላ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ዓረብ አገር ይሻገራል። የጦርነቱን ዓመታት ሳልጨምር ነው። ከእማሆዮቹ ብዙዎቹ ደግሞ የሰው ልጅ እንጂ የራሳቸውን አላሳደጉም።

«መነኩሲት ትጸልያለች እንጂ ምን ሠራች?» ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩት ናቸው፤ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ዛሬ ዓለም ሁሉ በፒያኖ ያውቃቸዋል። የከንቲባ ገብሩ ልጅ፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ ሴት ናቸው። በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ወሎ ያለችው ግሸን ናት፣ የኛ ግሼ አይደለችም። እዚያ አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኋላ ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ የሚማሩ ልጆች እየለመኑ በልተው ደጅ ሲያድሩ ቢያዩ አንጀታቸው ተላወሰ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ሲታተም ገቢው ለችግረኞች መርጃ ነበር። መጋቢት 2015 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ስንቶቻችን ፎቷቸውን ለጠፍን! እሺ፣ ጥሩ። አክስቴም ያዩት ያንኑ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ያዘኑትም ያንኑ ሐዘን ነው። ፒያኖ ስላልነበራቸው ይረሱ?

«ካቶሊኮቹ የፈረንጅ ገንዘብ አላቸው።» ቆይ። የፈረንጆቹን ታሪክ ታውቃላችሁ? አሜሪካ ውስጥ መነኮሳይቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት በትንሽ ክፍያ አስተምረው፣ አስታመው፣ ሲያረጁ ለጡረታ የተጠራቀመ በቂ ገንዘብ አልነበረም። ጳጳሳቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በዓመት አንድ ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ ለአረጋውያን መነኮሳትና መነኮሳይት ብቻ የሚሰበሰብ መዋጮ ጀመሩ። እስከ ዛሬ አለ። ነገሩ በመጠኑ የቀለለው ምእመኑ ኪሱን ስለከፈተ ነው። ለዚህ ደግሞ ሀብታም መሆን አያስፈልግም።

«ካቶሊክን ልታስተምረን ነው?» ይሄኛው ሳይመጣ እንደማይቀር አውቅ ነበር። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ ሲሆን እምቢ ብለው ከቆሙት አንዷ መነኩሲት ነበሩ፤ ወለተ ጴጥሮስ። እሳቸው ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672፣ ገድላቸው ተጻፈ። የት ሄዱ፣ ማንን ሰበሰቡ፣ በምን ታመሙ፣ ሁሉም ተጽፎ አለ። ክርስቶስ ሠምራም የጎረቤታችን የቡልጋ ሴት ናቸው፤ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበሩ፣ ጣና ጓንጉት ድረስ ሄደው ገዳም መሠረቱ። የሳቸውም ገድል አለ። ስለዚህ የመነኩሲትን ዕድሜ መቁጠርና መጻፍ ከሮም የመጣ ነገር አይደለም። የኛው ነበር። ጥለነው ነው።

የውጭ ሰው ሲያገለግለን ደግሞ መመዝገብ እናውቅበታለን። መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ላይ እናት ሆስፒታልን ያሠራው የካርል ሄንዝ ቦም ድርጅት ነው። ሰውየው የክብር ዜግነት ተሰጠው፤ ይገባዋል፣ ይነሰው። ጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ካቶሊካውያት እህቶች ሠርተዋል። የማዘር ቴሬሳ እህቶች በ1973 አዲስ አበባ ገብተው፣ ማንም የማይነካውን በሽተኛ ከመንገድ አንስተዋል። ዓመቱን እናውቀዋለን፣ እናመሰግናለን። በዚያው ዘመን መንዝ ውስጥ ቆብ የደፋችው እማሆይስ? ስሟ በየትኛው መዝገብ አለ?

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ለፎቶ አንሺዎቻችን። የአሮጊት እማሆይን የተሸበሸበ ፊት በስልክ አንስታችሁ፣ «የእምነት ጽናት» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ሺህ ላይክ ይመጣል። ስማቸውን ጠይቃችኋል? ምሳ መብላታቸውንስ? ያ ነጠላ የተቀደደው በእምነት ጽናት አይደለም እኮ፤ የሚቀይርላቸው ጠፍቶ ነው።

ምን ይደረግ? ለኔ የሚታየኝ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በየአጥቢያው አንድ ደብተር ይከፈት። የእማሆይ ስም፣ ቆብ የደፉበት ዓመት፣ የሠሩት ሥራ፣ ያሳደጉት ሰው ይጻፍ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሁለት እሑድ ይጨርሱታል። እያወሩ እንጂ እየመረመሩ አይሁን፤ እማሆዮች ስለራሳቸው መናገር አይወዱም፣ ቡና አፍልታችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ እሑድ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለእነሱ ብቻ ይሁን። ሰበካ ጉባኤው ተቀብሎ፣ ለምን እንደዋለ በዓውደ ምሕረት ያንብብ። ለሕንፃ ስንሰበስብ ማይክ ይዘን ቀኑን ሙሉ እንጮህ የለ? ለገብስና ለባና አንድ ቀን እንጩህ።

ሦስተኛው የኛ ነው፣ የተማሪና የመምህሩ። ከማንም ፈቃድ አያሻም። እኔ የአንድ ወር ጡረታዬን አስቀምጫለሁ፤ ለአክስቴ አልደረሰም፣ ለጎረቤታቸው ይደርሳል። የሳቸው ጎጆ ጥግ ሌላ እማሆይ አሉ። እሳቸውም ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ዘንድሮም ግን የመገበሪያውን ስንዴ እየለቀሙ ነው አሉኝ።

ኮሜንት ላይ መሰዳደብ አልፈልግም፤ በሃይማኖት የሚሰዳደብ ካለ አጠፋዋለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ቀን ስንቃችሁ ሲያልቅ የማንን በር እንዳንኳኳችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። በሕይወት ካሉ የት እንዳሉ፣ ከሌሉም ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ንገሩኝ። ደብተሩን ገዝቼዋለሁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአክስቴን 38 ዓመት ጽፌያለሁ።