ቁማር የማታውቅ ገንዘብ ተቀባይ

በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። የተያዥ ቅጽ ነበር። በአካውንቲንግ ዲግሪዋን ከያዘች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ያላመለከተችበት መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ሰፈራችን አጠገብ የተከፈተ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት፣ ሰዉ “ቤቲንግ” የሚለው ማለት ነው፣ በገንዘብ ተቀባይነት ሊቀጥራት ተስማማ። ደመወዙ በወር 3,000 ብር ነው። የጎደለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ስለ ኳስም ስለ ቁማርም የማውቀው ነገር የለም። ደስም አይለኝም። ሲያውቁብኝ ያባርሩኝ ይሆን?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከእሷ በኋላም ከብዙ ሥራ ፈላጊዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው። ለውርርድ ቤት መስኮት ቁማር የማያውቅና የማይወድ ሰው ጉድለት ያለበት ሠራተኛ ሳይሆን ዋነኛው ተፈላጊ ሠራተኛ ነው። ሥራ ፈላጊው ሊፈራ የሚገባው አለማወቁን ሳይሆን የሚፈርመውን ወረቀት ነው።

ለመሆኑ የገንዘብ ተቀባይዋ ሥራ ምንድን ነው? ተወራራጁ የመረጣቸውን ጨዋታዎች ይዞ ይመጣል። እሷ ምርጫውን በኮምፒዩተር ታስገባለች፣ ገንዘቡን ትቆጥራለች፣ ቲኬቱን አትማ ትሰጣለች። ያሸነፈ ቲኬት ሲመጣላት ትክክለኛነቱን አጣርታ ትከፍላለች። ግብርም አለ፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ሙከራ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ሲጥል ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነፃ አድርጎ ነበር። ማታ ሒሳቧን ዘግታ ያስረክባታል የተባለውን ገንዘብ ከማሽኑ ጋር ታመሳክራለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማን ያሸንፋል የሚል ጥያቄ የለም። የጨዋታውን ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ነው። የዳቦ ቤትና የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ከምትሠራው የሚለየው የሚሸጠው ዕቃ ብቻ ነው።

ስለ ዕቃው ግን አንድ ነገር ማወቅ ይበጃል፤ ለመወራረድ ሳይሆን ላለመወራረድ። ለዚያች ልጅ በደብተር ላይ የሠራሁላትን ሒሳብ እነሆ። በአንድ ጨዋታ ላይ ባለሜዳው ቢያሸንፍ 2፣ እኩል ቢወጡ 3፣ እንግዳው ቢያሸንፍ 4 እጥፍ ይከፈላል እንበል። አንድ ሰው ከሦስቱ በየትኛውም ውጤት 1,200 ብር ማግኘት ቢፈልግ በባለሜዳው 600፣ በእኩሉ 400፣ በእንግዳው 300 ብር ማስያዝ አለበት። ድምሩ 1,300 ብር ነው። ኳሷ ወደ የትም ብትሄድ 1,300 ከፍሎ 1,200 ይወስዳል። መቶዋ ብር የቤቱ ናት። የቤቱ ብልሃት ኳስ ማወቅ አይደለም፤ ይህች መቶ ብር ናት።

የእኛ ልጆች ደግሞ አንድ ጨዋታ ብቻ አይዙም። አሥር ጨዋታ ደርድረው በ20 ብር ሃያ ሺህ ይመኛሉ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ከ13 እጅ አንዱ እጅ ለቤቱ የሚቀር ከሆነ፣ አሥር ጨዋታ ሲባዛ የመቶ ብር ቲኬት እውነተኛ ዋጋው ወደ 45 ብር ይወርዳል። “በአንድ ጨዋታ ተበላሁ” እያለ ከንፈሩን የሚመጠው ወጣት የተበላው በአንዱ ጨዋታ ሳይሆን ገና ቲኬቱን ሲቆርጥ ነው።

ይህን ሒሳብ የተረዳችና ለኳስ ደንታ የሌላት ሠራተኛ በመስኮቱ ውስጥ ስትቀመጥ ልቧ አይነሳሳም። አደጋው ያለው በወዲያኛው ወገን ነው። ውርርድ የሚወድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሌላውን ገንዘብ እየቆጠረ፣ የአንዱን ዕድለኛ ቲኬት እያየ ሲውል “ነገ እመልሰዋለሁ” ብሎ ከመሳቢያው መበደር ይጀምራል። ነገ ግን አይመልሰውም። የእህቴ ልጅ የሥራ ባልደረባ የነበረ አንድ ወጣት የወጣው በዚህ መንገድ ነው። የኳሱን ዓለም ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ጉድለቱን የከፈሉት ተያዥ የሆኑት አባቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ያዘችው ቅጽ ልመለስ። ቅጹ “ለሚደርሰው ማናቸውም ጉድለት ኃላፊ ነኝ” ይላል፤ የገንዘብ መጠን የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስ የሚሆነው ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ሕጉ ቢኖርም ፍርድ ቤት ከመመላለስ መጀመሪያ መጻፍ ይሻላል ብዬ “እስከ 20,000 ብር ብቻ” የሚል ቃል በእጄ ጨምሬ ፈረምኩ። ባለቤቱ አልተቃወሙም። ብዙ ተያዦች ስለማይጠይቁ እንጂ ቀጣሪው ስለሚከለክል አይደለም።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጨዋታ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ ሰልፉ በር ጥሶ ወጣ። በዚያ ግርግር የ200 ብር ቲኬት በ2,000 ብር ተቆረጠ። ባለቲኬቱ 200 ብሩን ከፍሎ በሰው መሐል ተሰወረ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 1,800 ብር ጎደለ። በወሩ መጨረሻ ከ3,000 ብሯ ላይ 1,800 ብሩ በአንድ ጊዜ ተቆረጠና 1,200 ብር ይዛ ወደ ቤት ገባች። ለትራንስፖርትና ለምሳ ከተበደረችው ጋር ሲተሳሰብ ወሩን የሠራችው በነፃ ነበር።

አዋጁን ይዛ እንድትሄድ መከርኳት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። ሠራተኛው ቢስማማ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የእሷ ሦስተኛ 1,000 ብር ነው። ባለቤቱ አንቀጹን አነበቡ፣ ጥቂት ዝም አሉ፣ 800 ብሩን መልሰው በሚቀጥለው ወር ቆረጡት። ጉድለቱ አልቀረላትም፤ ያን ወር ግን ተበድራ ሳይሆን በደመወዟ ኖረች።

ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው። የአውሮፓ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሕጉ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል። ከዚያ በላይ የተሠራው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ በ1.75 እጥፍ ይከፈላል። እንግዲህ ሥራ ፈላጊው “አርሴናል የማን ነው?” ብሎ ከማጥናት “ማታ በምን እመለሳለሁ፣ የትርፍ ሰዓቱስ ስንት ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቀማል።

የሕሊናን ነገር ሳላነሳ ባልፍ አንባቢ ይታዘበኛል። እህቴ ልጇ “ቁማር ቤት” መግባቷን ለዕድር ሰዎች አልተናገረችም። ልጅቷም አንድ የቀን ሠራተኛ የሳምንት ደመወዙን በሁለት ሰዓት ውስጥ በመስኮቷ አሳልፎ ሲወጣ አይታ ሌሊቱን እንዳልተኛች አጫውታኛለች። ገበያ ነው ብዬ አላጽናናኋትም። የሚከፈላት ደመወዝ ከእነዚያ መቶ ብሮች የሚወጣ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሥራ አጥ ሆና ብትቀመጥ መስኮቱ አይዘጋም። በመስኮቱ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ የተማሪ ልብስ ለለበሰ ልጅ “አይሆንም” ማለት ይችላል። እሷ ብላለች። ባለቤቱም አልተቆጧትም፤ ፈቃዳቸውን የሚያሳጣቸው እንዲህ ያለው ልጅ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ፈቃድ ካልኩ ዘንድ፣ ይህ ንግድ የሚቆመውም የሚወድቀውም በፈቃድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የስፖርት ውርርድ ቤቶችን ሲያሽግ የእህቴ ልጅ መሥሪያ ቤትም ታሸገ። ጠዋት ሥራ ልትገባ ሄዳ በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየች። የባለቤቱ ስልክ ለሁለት ሳምንት ዝግ ነበር። ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ እንደሚያገኝ አዋጁ ይላል። የሚከፍለውን ሰው ማግኘት ግን የሠራተኛው ፈንታ ሆነ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። እንግሊዝ የውርርድ ሱቆችን በሕግ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1961 ጀምሮ ነው። ከ58 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019፣ መንግሥት በሱቆቹ ውስጥ ባሉት የቁማር ማሽኖች ላይ በአንድ ጊዜ የሚያዘውን ገንዘብ ከ100 ፓውንድ ወደ 2 ፓውንድ አወረደው። በጥቂት ወራት ውስጥ ዊልያም ሂል የተባለው ትልቅ ኩባንያ 700 ያህል ሱቆቹን ለመዝጋት ማቀዱንና 4,500 ሠራተኞች ሥራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ አስታወቀ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጡት የወሰኑት አንዳችም ነገር አልነበረም። በቁማር ንግድ ውስጥ ያለዋጋ ተወራራጅ የሚሆነው ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ ዛሬም በሱቅ ይሁን በስልክ ለሚሠራ የውርርድ ድርጅት “ሠራተኛ እንፈልጋለን” የሚል ማስታወቂያ ያየ ወጣት ቢጠይቀኝ መልሴ ይኸው ነው። ቁማር አለማወቅህ አያሳፍርህ፣ ሥራውን ከፈለግህ ያዝ። ከመፈረምህ በፊት ግን ፈቃዱን አሳዩኝ በል። ጉድለት እንዴት እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ የተያዥህም ገንዘብ ይወሰን። የጡረታ መዋጮ፣ ከአሠሪው 11 ከአንተ 7 በመቶ፣ መግባቱን በየጊዜው አረጋግጥ። ከሁሉም በላይ የሥራ ልምድ ማስረጃህን ድርጅቱ ክፍት ሳለ ውሰድ። አዋጁ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ በነፃ እንዲሰጠው ያዛል፤ ሥራ መልቀቅን አያስጠብቅም።

የእህቴ ልጅ ማስረጃዋን የወሰደችው ዓመት ሲሞላት፣ ማኅተሙ በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነበር። አብረዋት የነበሩት ሁለት ልጆች “ስንወጣ እንወስዳለን” ብለው ነበር። ሲወጡ ማኅተሙ በታሸገው ክፍል ውስጥ ቀረ። እሷ በዚያች አንድ ገጽ ወረቀት “የአንድ ዓመት ልምድ ያላት ገንዘብ ተቀባይ” ተብላ ፋርማሲ ገባች፤ ዛሬ ሒሳብ ሹም ናት። የማንቸስተርንና የአርሴናልን ማሊያ እስካሁን አትለይም።